አዳራሽ፣ ዳስ ወይስ የሆቴል ግቢ? የሰሜን ሸዋ የሠርግ ቦታዎች በሙዚቀኛ ጆሮ ሲነጻጸሩ

በጥርም ሆነ ከፋሲካ በኋላ የሚደግሱ ቤተሰቦች የሠርግ ቦታ ሲመርጡ የወንበሩን ብዛት፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ የወጥ ቤቱን ስፋትና ፎቶ የሚነሡበትን ቦታ ያያሉ። ተገቢ ነው፤ እንግዳ ቆሞ አይበላም። ቦታው ድምፅን ምን እንደሚያደርገው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ሙዚቀኞች ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንጠራው ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ከቀብዱ በፊት ቢነበብ ደስ ይለኛል።

እኔ ቦታን የምለካው በአንድ ነገር ነው፤ ቃል ይሰማበታል ወይ? የእኛ አገር ሠርግ በጭፈራ ብቻ አይደምቅም። ማሲንቆ ባለበት ሠርግ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» ብለው ግጥም ይሰጣሉ፣ ተጫዋቹ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ታዳሚው ሰምቶ ይስቃል፣ አንዳንዴም እንባውን ይጠርጋል። ኪቦርድና ከበሮ በመጥፎ ቦታም ቢሆን ያስጨፍራሉ፤ ግጥም ግን ቃሉ ካልተሰማ የለም ማለት ነው።

በዚህ መለኪያ ከአዳራሹ ልጀምር። ደብረ ብርሃን እየሰፋች ስትሄድ አዳራሽ ያላቸው ሆቴሎችም በዝተዋል፤ ዛሬ አብዛኛው የከተማ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያስበው እዚያ ነው። ብርድ አይገባበትም፣ ዝናብ አያሰጋም፣ ምግቡንም መስተንግዶውንም ሆቴሉ ይይዛል። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጎኑ መስታወት፣ ጣሪያው ኮንክሪት ነው፤ ሁሉም ድምፅን መልሶ ይወረውራል እንጂ አያስቀርም። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ 17 ሜትር ርቆ ካለው ግድግዳ ተመልሶ ለመምጣት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል ማለት ነው፤ በዚያ ጊዜ ዘፋኙ ወደሚቀጥለው ፊደል እየተሻገረ ነው። የተመለሰው ድምፅ በአዲሱ ላይ ይጫናል፣ ሌላ ግድግዳ ደግሞ ሦስተኛ ይጨምራል።

እንዲህ ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሙሽራዋ አጎት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለወንድማቸው ይህን ሰጡ፦

ውርጩን ታግሦ ገብሱ አፈራ፣
ልጁን ዳረልን ከወዳጅ ጋራ።

በዚያ ዓመት ማሳው በውርጭ ሲሰጋ ከርሞ የተረፈለትን ገበሬ፣ ልጁን አሳድጎ ለቁም ነገር ያበቃውንም አባት በአንድ ትንፋሽ የሚያነሣ ግጥም ነው። ተቀብዬ አዜምኩት። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሽማግሎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአራተኛው ጠረጴዛ በኋላ ግን የደረሰው የ«ራ» ድምፅ ብቻ ነበር፤ አባትየው ራሳቸው ከበሩ አጠገብ እንግዳ እየተቀበሉ ስለነበር የተባለላቸውን አልሰሙም። የድምፅ ማጉያውን ከፍ ብናደርገው ደግሞ ማስተጋባቱም አብሮ ከፍ ይላል፤ ማይኩም ይፏጫል።

ስለዚህ አዳራሽ ስትመርጡ ባዶ እያለ መሐሉ ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ወዲያው ከጠፋ ጥሩ ነው። ቀስ ብላችሁ «አንድ፣ ሁለት» እስክትሉ ድረስ የሚንቀጠቀጥ ጅራት ካለው ለግጥም የሚሆን ቤት አይደለም። ሰው ሲሞላበት ይሻሻላል፤ በተለይ የደጋው እንግዳ ጋቢና ካባ ደርቦ ስለሚመጣ ልብሱ ራሱ ድምፅ ይውጣል። ሆኖም ከጣሪያውና ከላይኛው ግድግዳ የሚመለሰውን አያስቀርም። ሌላ ቤት ከሌለ ከመድረኩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም የመንዝ ባና ወይም ዝተት አስሰቅሉ፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ቢል ይበልጥ ይሠራል። ጌጥም ነው፤ ከፕላስቲክ አበባ ያምራል ባይ ነኝ።

ዳሱ ከዚህ ተቃራኒ ነው። በቤተሰቡ ግቢ ቋሚና ማገር ተተክሎ፣ ሸራ ተወጥሮ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ የሚሠራው ዳስ ድምፅ የሚመልስ ጠንካራ ነገር የለውም። ሸራው የተወሰነውን ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ ቄጠማውና ሰዉ የተረፈውን ይውጣሉ። ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ተጫዋቹና እንግዳው ይቀራረባሉ። ዳሱ እጅግ ሰፊ ካልሆነ ማሲንቆ ያለ ማይክ ይሰማል፤ ተጫዋቹ በጠረጴዛዎች መካከል እየዞረ ከሚያሞግሰው ሰው ፊት ቆሞ ማዜም ይችላል። ከመድረክ ላይ በገመድ ታስሮ ለሚቆም ሰው ይህ አይቻልም። በእኔ ጆሮ ከዳስ የሚበልጥ የሠርግ ቦታ የለም።

ጉድለቱን ግን አልደብቅም። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው። በቤቱ ቆጣሪ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አምፖልና የእኛ ማጉያ አብረው ይንጠለጠላሉ። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ምጣዱ ሲበራ ኃይሉ ይወርዳል፣ ኪቦርዱ ሊጠፋ ወይም ራሱን እንደ አዲስ ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ለሙዚቃው የተለየ መስመር ይዘርጋ፣ ወይም ጄኔሬተር ተከራይታችሁ ከቤቱ ጀርባ አስቀምጡት። ሁለተኛው ነፋስ ነው፤ በደንብ ያልተወጠረ ሸራ ሲርገበገብ ዋሽንትን ይበላል። ሦስተኛው የጥር ሌሊት ብርድ ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የከተማ ወይም የቀበሌ አዳራሽን በአጭሩ ልለፈው። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ከሆቴሉ ይቀላል፣ ሰውም ይይዛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው ግን በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ቢመጣ ከበሮውም አይሰማም። ኮርኒስ ያለውን ምረጡ፤ ከሌለው ለጥር ሠርግ ብቻ አስቡት።

የሆቴል ግቢና ሣር ሜዳ ለዓይን ደስ ይላል፤ ለጆሮ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። ሜዳ ላይ ማስተጋባት የለም፤ ነገር ግን ድምፁን የሚይዝለትም የለም፣ ሲርቅ ይሳሳል። ደብረ ብርሃን ሜዳዋ ነፋሻማ ናት፤ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ገብቶ ያጉረመርማል። በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል ባሉ የገደል አፋፎች ዕይታው ልብ ይሰርቃል፤ ጉም ከቆላው ሲወጣ ግን የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ይስብና ይለሰልሳል፣ ድምፁ ይታፈናል። እዚያ ለመደገስ የምትፈልጉ ፕሮግራሙን በጠዋት አድርጉት፤ መድረኩንም ግድግዳ ወይም ዛፍ ከጀርባው ባለበት ቦታ አስተክሉ። ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ግቢው ከአዳራሹ ይሻላል፤ ቀኑ ይሞቃል እንጂ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ከዛፍ ሥር የሚጫወት ሰው ጣቱም ጉሮሮውም ይፍታታል።

ደጋና ቆላውን ማነጻጸሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ በውስጡ ቀስ ብሎ ይጓዛል፣ የዋሽንትም ቅኝት ይወርዳል። በ10 ዲግሪና በ30 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት እስከ ሩብ ቶን ሊደርስ ይችላል። ኪቦርድ ደግሞ ብርድ አያውቅም፣ ባለበት ይቆያል። በጥር ሌሊት በብርድ ዳስ ውስጥ ዋሽንትና ኪቦርድ ሲጣሉ የምትሰሙት የተጫዋቹ ድክመት ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሙዚቀኞቹ አጠገብ አንድ የከሰል ምድጃ አኑሩ፣ ጢሱ መውጫ እንዲኖረው የዳሱን ጎን ክፈቱ። ማሲንቆውም ቆዳው እሳት ሲያገኝ ይወጠራል። በአዳራሽ ውስጥ ግን ከሰል አይነድም፤ በሩን ዘግቶ መቆየት ይበቃል።

እንግዲህ ልምረጥላችሁ። እንግዳችሁ ብዙ ሆኖ ሙዚቃችሁ ኪቦርድና ዲጄ ከሆነ የሆቴል አዳራሽ ይሁን፤ ድካሙ ይቀንስላችኋል፣ ማስተጋባቱም ያን ያህል አይጎዳችሁም። ሽማግሎች የሚመርቁበት፣ ማሲንቆና ክራር የሚሰማበት ሠርግ ከፈለጋችሁ ግቢያችሁ እስከቻለ ድረስ ዳስ ጣሉ። ሁለቱም የሚያጓጓችሁ ከሆነ ዋናውን ሠርግ በአዳራሽ፣ መልሱን በዳስ አድርጉት፤ መልስ ላይ ሰዉ ቤተ ዘመድ ነው፣ ግጥም የሚሰጠውም የሚሰጥለትም በቅርብ ይቀመጣሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከባለ ቦታው ጋር የምትፈርሙት ውል ላይ ሙዚቀኞቹ በስንት ሰዓት ገብተው ድምፅ እንደሚሞክሩ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የት እንደሆነ፣ መድረኩም ከወጥ ቤቱ በር ምን ያህል እንደሚርቅ አስጽፉ። የድምፅ ሳጥኖቹን ሽማግሎች ከሚቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት አታስደቅኑ። ከተቻለም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማሲንቆ ተጫዋቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ስንኝ ሲያዜም ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አድምጡት።