የእናቴን ቀሚስ ላዳኑልኝ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ

የእናቴ የሰርግ ቀሚስ ድኗል! እህቴ ባለፈው እሁድ ለመልሷ ለብሳው ዋለች። ያየው ሰው ሁሉ «የት አሰራችሁት?» ሲል ነበር። ለእያንዳንዱ በየተራ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ደግሞ እኚህን ሰው በሰው ፊት ካላመሰገንኩ አይወጣልኝም።

ቀሚሱ በ1964 ዓ.ም. የተሰራ ነው። ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ፈትላ ለሸማኔ የሰጠችው አያቴ ናት። ያኔ ልጁን የሚድር ቤት ፈትሉን ራሱ አዘጋጅቶ ነበር የሚያሸምነው። እናታችን ከሰርጓ በኋላም አልተወችውም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አይደል የሚባለው፤ በየዓመቱ ታቦት የምትሸኘው በሱ ነበር። ካረፈች በኋላ አጥፈን ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። እህቴ ልታገባ ስትል ብናወጣው ብል በልቶታል። የታችኛው ጥለት ተበጣጥሷል፣ የነጠላው የጫፍ ቁጭት ተፈቷል። እህቴ ግን «ሌላ ቀሚስ አልለብስም» ብላ ድርቅ አለች።

ከዚያ ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው። መጀመሪያ «የባህል ልብስ በጥንቃቄ እናጥባለን» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ የሰቀለ ላውንደሪ ወሰድኩት። በምን እንዳጠቡት እግዜር ይወቀው፤ የጥለቱ ቀይ ነጩ ላይ ለቆ መለሱልኝ። ስጠይቃቸው «ሲመጣም እንደዚህ ነበር» አሉኝ። እንዲህ ብለው ዓይኔን እያዩ! ይቅርታ እንኳን አልጠየቁም። ታክሲ ውስጥ ቀሚሱን ታቅፌ ሳለቅስ ረዳቱ ሂሳብ ሳይቀበለኝ ወረድኩ።

ቀጥሎ የሄድኩበት የታወቀ ዲዛይነር ቤት ነው። መስታወቱ፣ መብራቱ፣ የሚቀርብልሽ ቡና፣ ሁሉ ልክ ነው። «ጥበቡን ቆርጠን አዲስ ሸማ ላይ እንሰፋዋለን» አሉኝ። አይቆረጥ፣ እንዳለ ይጠገን አልኩ። እሺ ብለው ቀብድ ተቀበሉ። ከዚያ ስልክ አይነሳም። ሰርጉ እየደረሰ ነው፤ ስሄድ «ነገ» ይሉኛል፣ ነገ ስሄድ «ኃላፊዋ የለችም»። በመጨረሻ ሳይነኩት በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ቀብዱም ውሃ በላው። ሌላ ደግሞ ገና ሳይዘረጋው «ይሄ እኮ አለቀለት፣ ይጣሉትና አዲስ ልስጥዎት» ያለኝ አለ። አዲስ ብሎ ያሳየኝ ጥለቱ በማሽን የታተመ ጨርቅ ነው። የእናትን ልብስ እንዲህ ይባላል?

ተስፋ ቆርጬ ለነጠላው መቋጫ እንኳን ላግኝ ብዬ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ፈትል የምትሸጥ አንዲት እናት ቀሚሱን ስታይ ደነገጠች። «ይሄንን ለማንም አትስጪ፣ ነይ» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከሱቆቹ ሰልፍ ጀርባ፣ የእንጦጦን ዳገት ይዞ ወደ ውስጥ የሚገባ መንደር ነው። በየቤቱ የሽመናው ድምፅ ይሰማል። ሸማኔውን እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ኩታ እየሸመኑ አገኘናቸው። ልጅ ሳሉ ከጨንቻ የመጡ፣ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው።

ተነስተው መጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰላችሁ? እጃቸውን ታጠቡ። በሳሙና፣ እስከ ክርናቸው። ከዚያ ቀሚሱን ተቀብለው በሩ ላይ ብርሃን ወዳለበት ወሰዱት። ብዙ ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ጠርዙን በሁለት ጣታቸው እያሹ፣ ገልብጠው ውስጡን እያዩ ቆዩ።

«ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ነው» አሉ። «አሁን እኮ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው። የፈተለችው ማን ናት?»

«አያቴ ናት፣ ጋሼ።»

«እጇ ይባረክ። አንድም ቦታ አልሳሳባትም።»

አያቴን አያውቋት፣ አይተዋትም አያውቁ፣ በክሯ አወቋት። ያን ሁሉ ቤት ስዞር ቀሚሱን የሰራው ማን እንደሆነ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ያደረጉትን ግን እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አልረሳውም። ከአንገቱ በኋላ በኩል፣ ትከሻው ላይ፣ ላውንደሪውም ያላስለቀቀው ቢጫ ነገር አለ። እኔ ዝገት ይሁን ምን ይሁን አላውቅም ነበር። አሸተቱት። «ይሄ የቅቤ ነው። እናትሽ ቅቤ ትቀባ ነበር?» አሉኝ። ልቤ ቀጥ አለ። እናቴ የከተራ ዕለት ጸጉሯን ተሰርታ፣ ለጋ ቅቤ ተቀብታ ነበር የምታድረው። እኛ ልጆቹ ጠዋት ሽታው ነበር የሚቀሰቅሰን። አዎ አልኳቸው፤ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና በቀስታ «ይውጣ ወይስ ይቆይ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይቆይ አልኩ። «እኔም እንደሱ ብዬ ነው» አሉ።

ስራውን እንዴት እንደሰሩት አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ባለቤታቸው ፈታይ ናቸው፤ ለቀሚሱ ብለው እንደ አያቴ ፈትል የቀጠነ ክር በእንዝርት ፈተሉለት። አዲሱ ክር በጣም ነጭ ሆኖ እንዳያስታውቅ አንድ ነገር አድርገው አደበዘዙት። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ከራሱ ከቀሚሱ የውስጥ እጥፋት ክር እየመዘዙ፣ በመርፌ አንድ በአንድ አስገቡበት። ብል የበላው ቦታ የቱ ጋ እንደነበር አሁን በጣቴ ብፈልገው አላገኘውም። ስለለቀቀው ቀለም ግን ከመጀመሪያው «ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ አልዋሽሽም» ብለውኛል። እውነትም እጥፋቱ ስር ትንሽ ቀርቷል፤ ካላሳየኋችሁ አታዩትም። ባሉኝ ቀን አደረሱ። ባሉኝ ዋጋም ጨረሱ። የነጠላውን ቁጭት ባለቤታቸው አዲስ አድርገው ሰርተውት «ይሄ ለሙሽራዋ ከኛ ነው» ብለው ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ሸማኔውም፣ ብረት ሰሪውም ይሰደብ ነበርና ነው። ዛሬስ? ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ሁላችንም በነሱ እጅ ስራ እንደምቃለን። ሱቅ ውስጥ ዋጋው ሰማይ ሲነካ ዝም ብለን እንከፍላለን። ሸማኔው ቤት ስንደርስ ግን ቀንስ እያልን እንከራከራለን። እባካችሁ እኚህን ሰው አትከራከሯቸው። የሚጠይቁት ከልፋታቸው ያነሰ ነው።

የእናት፣ የአያት ቀሚስ፣ ኩታ፣ ጃኖ፣ ቡሉኮ ሳጥን ውስጥ ያላችሁ ውሰዱላቸው። ተበልቷል፣ አልቆለታል ብላችሁ አትጣሉ። ውጭ አገር ያላችሁም በሰው ላኩት፤ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ፎቶውን አይታ የናቷን ካባ ልትልክ ነው። አደራ፣ ከመውሰዳችሁ በፊት አትጠቡት፣ ላውንደሪም አትስጡት። እንዳለ በንጹህ ነጠላ ጠቅልላችሁ ውሰዱት።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ትዕዛዝ ስለሚበዛባቸው ሰርግ ያላችሁ አስቀድማችሁ ሂዱ፤ ጥገና ደግሞ አይቸኩልም፣ ጊዜ ስጧቸው።