ጎማላካ ወይስ ቫርኒሽ? ያልተቀባ የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ ለሚገዙ

ሳይቀባ በጥሬው የሚሸጥ የአሻንጉሊት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ርካሽ በመሆኑ ብዙ ወዳጆቼ ይገዙታል፤ ከገዙት በኋላም «በምን ልቀባው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ አስፍሬዋለሁ፦ ጎማላካ፣ ሼላክ የሚባለውን በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት ቅብ ማለቴ ነው፣ ግዙ፤ የፖሊዩሬቴን ቫርኒሹን ተዉት። ወደዚህ አቋም ያደረሰኝ ኪሳራ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ስድስት ወንበር፣ አንድ የምግብ ጠረጴዛና አንድ ባለሦስት መሳቢያ ኮሞዲኖ ነበር። ለእነሱ ብዬ የገዛሁት የአንድ ሊትር ቫርኒሽ ዋጋ ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ ድምር በለጠ። ጥፋቴ የታየኝ ዘግይቼ ስሌት ስሠራ ነው። ይህ ዓይነቱ ዕቃ በብዛት የሚሠራው በ1፡12 ልኬት ስለሆነ፣ 150 በ75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ በዚህ ልኬት 12.5 በ6.25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ 12 ጊዜ ሲያንስ የገጹ ስፋት 144 ጊዜ ያንሳልና፣ በሊትር አሥር ካሬ ሜትር የሚሸፍን ቫርኒሽ ከ1200 በላይ እንዲህ ያሉ የጠረጴዛ ገጾችን አንድ ዙር ይቀባል። እኔ የነበረኝ አንድ ጠረጴዛ ነው። የተረፈው ጣሳው ውስጥ ረግቶ ቆዳ አወጣና ተጣለ።

ጎማላካን ግን በደረቅ ቅርፊት መልክ፣ በግራም መግዛት ይቻላል። 12 ግራም ያህሉ ውሃ ባልበዛበት 100 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ ሲሟሟ ስስ ቅብ ይወጣዋል፤ ይህም ለብዙ ክፍል ዕቃ ይበቃል። የግራሙን ዋጋ ከቫርኒሹ የሊትር ዋጋ ጋር አስተያይቶ «ጎማላካ ውድ ነው» የሚል ሰው ይኖራል፤ መታየት ያለበት ግን ለአንድ ወንበር የሚወጣው ወጪ ነው፣ የሚጣለውም ቫርኒሽ ከሒሳቡ ሊወጣ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ ውፍረት ነው። በ1፡12 ልኬት 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቅብ፣ በትልቁ ዕቃ ላይ 1.2 ሚሊ ሜትር እንደ መለጠፍ ይቆጠራል። ሁለትና ሦስት ዙር ቫርኒሽ የወንበሩን ጠርዝ ያድበለብለዋል፣ የቅርጹን ጎድጓዳ ይሞላዋል። የእኔ ኮሞዲኖ መሳቢያዎች ከነቅባቸው ገብተው አልወጣ አሉ፤ አንዱን በግድ ስስበው የፊት ገጹ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ጎማላካ በስሱ ሲቀባ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ አቧራ ለመሰብሰብ እንኳ ጊዜ አያገኝም። በዘይት የተሠራው ቫርኒሽ ግን በየዙሩ ሰዓታት ይፈልጋል፣ በየመካከሉም በብርጭቆ ወረቀት መታሸት አለበት።

ምርጫዬን የወሰነው ግን ጥገናው ነው። ርካሽ ዕቃ እግሩ ይነቀላል፤ ይህን አስቀድሞ መቀበል ይሻላል። ጎማላካ ላክ የተባሉ ነፍሳት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚያመነጩት ሙጫ የሚሠራ ሲሆን፣ ከደረቀ በኋላም አልኮል መልሶ ያሟሟዋል። ስለዚህ የተነቀለውን እግር መገጣጠሚያ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠርጎ፣ እንጨቱ ላይ ነጭ ኮላ አድርጎ፣ ሲደርቅ ከላይ አንድ ጊዜ ቢቀቡት አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይዋሐዳል። ፖሊዩሬቴን ግን መፋቅ አለበት፤ የጥፍር ስፋት በሌለው እግር ላይ ደግሞ ከቅቡ ጋር እንጨቱም ይፋቃል።

ሁለቱም ቅቦች የማያድኑት ጉድለት የኮላ ጠብታ ነው። በርካሽ ዕቃ መገጣጠሚያዎች ላይ ኮላ ፈስሶ ይደርቃል፤ የእንጨት ማቅለሚያ በዚያ ቦታ ስለማይሰርግ ነጣ ያለ ጥፍጥፍ ይቀራል። ከመቀባት በፊት ዕቃውን በአልኮል ማርጠብ ኮላ ያለበትን ቦታ ያሳያል፤ ያንን በስለት ፍቆ፣ ቀጥሎም በ220 ከዚያም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ማለስለስ ያስፈልጋል። ከ150 የሻከረ ወረቀት የሚተወው ጭረት በዚህ ልኬት ገደል መስሎ ይታያል። ጥድና በርች የተባሉት እንጨቶች ማቅለሚያውን እኩል ሳያደርጉ እዚህም እዚያም ስለሚመጥጡት፣ አስቀድሞ አንድ ዙር በጣም የቀጠነ ጎማላካ መቀባት መልኩን ያስተካክለዋል።

የጎማላካ ክፉ ጎን በፈሳሽ መልክ ተበጥብጦ ሲሸጥ ይታያል። አንድ ጊዜ ቀን ያልተጻፈበት ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ አግኝቼ በደስታ ገዛሁ። ያረጀ ጎማላካ የመድረቅ ኃይሉን ያጣል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንኳ ወንበሩ ይጣበቅ ስለነበር የአሻንጉሊቷ ቀሚስ እዚያው ላይ ቀረ። ቀለሙን ያነጡት ጎማላካ ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይበላሻል።

ቫርኒሽ የሚበልጥበት ቦታ የለም አልልም። ውሃና ሙቀት በጎማላካ ላይ ነጭ ቀለበት ያወጣሉና፣ ልጆች በእርጥብ እጅ የሚጫወቱበት ቤት ከሆነ በውሃ የሚቀጥነው ፖሊዩሬቴን ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በትንሽ ጣሳ ይገዛ። ለእይታ ብቻ በሚቀመጥ ቤት ግን በጠረጴዛው ላይ ትኩስ ብርጭቆ የሚያኖር ነዋሪ የለም።

አክሪሊክ ቀለም በትንሽ ቱቦ ስለሚገኝ ከሁሉም በወጪ ያንሳል፤ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ለሚሠራው፣ ጅማት ለሌለው ኤምዲኤፍ ሰሌዳም ተገቢው እሱ ነው። የኤምዲኤፍ ጠርዝ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ በመጀመሪያ በጎማላካ መታሸግ አለበት። በሌዘር የተቆረጠ ኮምፔርሳቶ የገዛ ሰው ደግሞ የከሰለውን ጠርዝ ካላሸው ጥቁሩ ወደ ቀለሙ ይወጣበታል።

ዛሬ የሚገዛ ሰው ከቅቡ የሚተርፈውን ገንዘብ መሳቢያው በእውነት ለሚከፈትና ጅማቱ ደቃቅ ለሆነ ዕቃ ያውለው። የተረፈውን ቅርፊት በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ ያሟሟችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ፤ ስድስት ወር ካለፈው አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርቃችሁ ሳትፈትኑ ዕቃ አትቀቡበት።