ለቤዝ ጊታር መምህሬ የቀረበ ምስጋና፣ ለሙያ ባልደረቦቼም ጥቆማ

በአዲስ አበባ በምሽት ክበቦች፣ በሠርግና በስቱዲዮ ቤዝ ጊታር እየተጫወትኩ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አጨዋወቴን ከመሠረቱ ላስተካከሉልኝ መምህር ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና በዚሁ ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ ወደ እርሳቸው እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። መምህሩ ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስለማይፈልጉ፣ እኛ ተማሪዎቻቸው እንደምንጠራቸው ጋሼ ብዬ እቀጥላለሁ።

ለጀማሪ ቤዝ ጊታር የሚያስተምር ሰው ማግኘት በከተማችን አስቸጋሪ አይደለም፤ ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት መስጠት ለሚችልም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለለት። አስተማሪ የሚያጣው በመካከል ያለው ሰው ነው፤ ዘፈኖቹን ሁሉ በጆሮው ለቅሞ ያጠና፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ፣ ባንድ ውስጥ ቦታ ስላለውም «ይችላል» ተብሎ የታለፈ ተጫዋች። የባንድ መሪው ኮርድ ሲሳት ይነግረው ይሆናል እንጂ፣ ድምፁ ለምን ከሌሎቹ ሥር እንደሚሰወር ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምቱ ለምን እንደሚጎተት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው አያገኝም። ጋሼ የሚቀበሉት ይህንን ሰው ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም የትኛውን መጽሐፍ እንደጨረሰ ሳይሆን፣ በቅርቡ የተጫወተበትን ቀረጻና በቀጣዩ ሥራው የሚጫወታቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ይዞ እንዲመጣ ነው፤ ትምህርቱ በሙሉ ከዚያ ቀረጻ ይነሣል።

ከእኔ ጋር የጀመሩት ከግራ እጅ ነበር። የመደበኛ ቤዝ ጊታር የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በብረት ዘንግ የተለየው የጣት ቦታ) ክፍተት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ከ12ኛው ፍሬት ቀጥሎ ያለው ክፍተት ግን የዚያ ግማሽ ነው። ስለዚህ ለአራት ፍሬት አራት ጣት የሚለው ደንብ ወደ ጊታሩ ሆድ ስንጠጋ የሚሠራ ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ እጅን ያለ በቂ ምክንያት ይለጥጣል። ጋሼ በእነዚህ ቦታዎች የደብል ቤዝ (ቆሞ የሚያዘው ትልቁ ቤዝ) ተጫዋቾችን አያያዝ ያስተምራሉ፤ አመልካች፣ መሐልና ትንሿ ጣት በሦስት ፍሬቶች ላይ ይሠራሉ፣ የቀለበት ጣት ትንሿን ይደግፋል፣ አራተኛው ፍሬት ሲያስፈልግ ደግሞ ጣት ከመለጠጥ ይልቅ እጁ በሙሉ ይንሸራተታል። አውራ ጣቴ ከአንገቱ ጀርባ ሳይጨብጥ እንዲያርፍና አንጓዬ እንዳይታጠፍ ማንገቻውን አሳጥረው ጊታሩን ከፍ አደረጉልኝ። በረጃጅም ሠርጎች ላይ ክንዴን ይይዘኝ የነበረው ሕመም የለቀቀኝ ከዚህ በኋላ ነው፤ ሕመሙ የማይለቀው ተማሪ ሲኖር ግን ልምምዱን አቁሞ ሐኪም እንዲያይ አጥብቀው ያሳስባሉ።

የቀኝ እጅ ትምህርታቸው ፍጥነትን አያስቀድምም። አሜሪካዊው ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን በዲትሮይት የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ ያን ሁሉ ሥራ ሲቀርጽ ክሮቹን የሚመታው በአንድ አመልካች ጣት እንደነበር እያነሡ፣ የጣት ብዛት ከሚሰጠው ይልቅ የእያንዳንዱ ድምፅ አጀማመርና አጨራረስ የሚሰጠው እንደሚበልጥ ያስረዳሉ። አንድ ቀላል መስመር (ቤዙ የሚጫወተውን የድምፆች ተከታታይ) ይሰጡና አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ድምፅ እስከሚቀጥለው ድረስ ተይዞ፣ አንድ ጊዜ ድራመሩ ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ከበሮ) በሚመታበት ቅጽበት ተቆርጦ፣ ሌላ ጊዜም በግማሹ ላይ ቆሞ እንዲጫወት ያደርጋሉ። ኖታው አንድም ሳይለወጥ ዘፈኑ ሦስት የተለያየ መልክ ሲይዝ የሰማ ሰው፣ ድምፅን በወቅቱ ማቆም ከመጀመሩ እኩል ሙያ መሆኑን ይቀበላል።

ምት ጠባቂውን ሜትሮኖምንም በየምቱ እንዲያንኳኳ አያደርጉትም፤ በሜዠር (በአንድ የምት ዙር) አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል፣ በመካከል ያለውን ጊዜ የሚሸከመው ተጫዋቹ ነው። በስድስት ምት በሚዞረው የችክችካ ስልት ላይ ደግሞ ስድስቱ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው ለሁለት፣ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ለሦስት ሊከፈሉ ስለሚችሉ፣ በእግሬ አንዱን እየመታሁ በቤዙ ሌላውን እንድይዝ፣ ከዚያም ሳላቋርጥ እንድገለብጠው አሠልጥነውኛል። ድራመሩ በመካከል ሲጫወትበት ምቱ ሳይጠፋኝ የምቆመው በዚህ ልምምድ ምክንያት ነው።

ስለ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው ስለሚሠራባቸው አምስት ድምፆች አደረጃጀት፣ ያስተማሩኝ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ በዚህ መልክ ያስረዳኝ ሌላ ሰው የለምና። ቤዚስቶች አብዛኞቻችን በልማድ ከመነሻው ድምፅ ወደ አምስተኛው (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ብለን ስንቆጥር ከሲ ወደ ጂ) እንመላለሳለን። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል አምስተኛው በቅኝቱ ውስጥ ስለሚገኝ ልማዱ ጉዳት የለውም። አንቺ ሆዬ ግን ከሲ ሲነሣ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ዲ)፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው፤ ጂ ናቹራል (ዝቅ ያላለው ጂ) ከነጭራሹ የለበትም። ቤዚስቱ እንደለመደው ጂን ሲመታ ድምፃዊው ወይም ማሲንቆው ከያዘው ጂ ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል፣ አድማጩም ምክንያቱን ባያውቀው እንኳ ይከብደዋል። ጋሼ በዚህ ቅኝት ሁለተኛው ማረፊያ በዚያው አቆጣጠር አራተኛው ድምፅ፣ ማለትም ኤፍ፣ እንዲሆን ያስተምራሉ፤ ጂ ፍላትን ደግሞ ዜማው በሚፈልገው ቦታ ብቻ በቁጠባ እንድንጠቀም ይመክራሉ።

በአምባሰል ላይ ያለው ጉዳይ ከዚህ ይረቃል። ከሲ የተነሣ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ሲሆን፣ እነዚያው አምስት ድምፆች ከኤፍ ቢጀመሩ ትዝታ ማይነር የሚባለው የትዝታ ዓይነት ይሆናሉ። ስለዚህ ድምፃዊዋ አምባሰል እያዜመች ቤዙ ኤፍ ላይ አብዝቶ ቢቀመጥ፣ ዘፈኑ ማንም ሳያስበው ወደ ትዝታ ያዘነብላል። ከሲ የሚነሣ ባቲ ማይነርና ከኢ ፍላት የሚነሣ ትዝታ ሜጀርም በድምፅ አንድ ናቸው። ታዲያ የምንሰማው የትኛው ቅኝት እንደሆነ የሚያጸናው ከሥር የሚያርፈው ድምፅ ነው፣ እርሱን የያዘው ደግሞ ቤዚስቱ ነው። ይህንን ከተረዳሁ በኋላ፣ ቀድሞ እንደ ድጋፍ ብቻ እቆጥረው የነበረውን ሥራዬን በሌላ ኃላፊነት መመልከት ጀምሬአለሁ።

ለጆሮ ማሠልጠኛ የሚጠቀሙት የራሳችንን ሙዚቃ ነው። የዋሊያስ ባንዱን ቤዚስት የመላኬ ገብሬንና የሮሃ ባንዱን ቤዚስት የጆቫኒ ሪኮን ቀረጻዎች በትንሽ በትንሹ እየከፈቱ ያስደምጣሉ፤ ተማሪው መስመሩን በአፉ አስተካክሎ ሳያዜም ጊታሩን እንዲነካ አይፈቅዱም። መጀመሪያ ላይ አድካሚ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተያዘ መስመር፣ ድምፃዊው በመድረክ ላይ ድንገት ቁልፍ (የዘፈኑን መነሻ ድምፅ) ቢያስቀይርም አይጠፋም።

ስለ ሥራ ቦታም ይመክራሉ። ክፍቱ (በጣት ያልተጫነው) ወፍራሙ የኢ ክር የሚያወጣው ድምፅ 41 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም በጣም ዝቅተኛ፣ በመሆኑ፣ በትናንሽ ስፒከር በሚሠራ ሠርግ ላይ መሠረታዊው ድምፅ ለታዳሚው እምብዛም አይደርስም፤ በእንዲህ ያለ ቦታ መስመሩን አንድ ኦክታቭ (ወደ ቀጣዩ ከፍተኛ ተመሳሳይ ድምፅ) ከፍ አድርጎ መጫወት ቮልዩም ከመጨመር ይሻላል ይላሉ። ከኪቦርዲስቱ ጋርም ከዝግጅቱ በፊት ተነጋግሮ፣ ግራ እጁ ወደ ቤዙ ክልል እንዳይወርድ በየትኞቹ ዘፈኖች ላይ እንደሚጠነቀቅ መስማማት የቤዚስቱ ድርሻ መሆኑን ያስተምራሉ።

ጋሼ ሰዓት ያከብራሉ፣ ያልተለማመደ ተማሪንም በትሕትና ይመልሳሉ። በአጭር ጊዜ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት የመምታት ስልት) እና ሶሎ ተምሮ ለመታየት የሚፈልግ ሰው ከእርሳቸው ጋር የሚስማማ አይመስለኝም፤ የሚጫወተውን ባንድ የተሻለ ማድረግ ለሚፈልግ ግን ከእርሳቸው የተሻለ መምህር አላገኘሁም። በምሠራበት ቦታ ተገኝተው ከኋላ ተቀምጠው ካደመጡ በኋላ፣ በማግስቱ በየዘፈኑ ያስተዋሉትን ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም።

ጋሼ፣ ስለ ትዕግሥትዎና ሳይሰስቱ ስለሰጡን ዕውቀት ከልቤ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። መማር የምትፈልጉ ባልደረቦቼ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ትምህርቱ በአካል፣ ለአንድ ተማሪ ብቻ ሲሆን ቀኑን ከሥራችሁ ጋር አመቻችተው ይይዙላችኋል። አምፕሊፋየር እርሳቸው ጋ አለ፤ ጊታራችሁን፣ ደብተርና በስልክም ቢሆን የተቀዳ የቅርብ ጊዜ ሥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።