የቫምፓየር ፍቅር፦ ፊልሙ ወይስ ተከታታዩ?

«ትዋይላይት» ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የወጡ 5 ፊልሞች ናቸው፤ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ያልቃሉ። «ዘ ቫምፓየር ዳያሪስ» ግን 8 ምዕራፍ፣ 171 ክፍል ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፊልሙ ይቸኩላል። ተማሪዋ ቤላና ቫምፓየሩ ኤድዋርድ ገና በቅጡ ሳይተዋወቁ «ያለ አንተ መኖር አልችልም» ላይ ይደርሳሉ፤ ፍቅራቸውን የሚሸከመው ንግግራቸው ሳይሆን ሙዚቃውና ታሪኩ የሚካሄድባት የፎርክስ ከተማ ደመናማ ሰማይ ነው። ተከታታዩ ጊዜ አለው። ቫምፓየሩ ዴመን ወደ ታሪኩ ሲገባ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ዋና ገፀ ባህሪዋ ኤሌና ከወንድሙ ከስቴፋን ወደ እሱ የምታዞረው ልብ እስከ 4ኛው ምዕራፍ ይቆያል። ስለዚህ ይታመናል።

ፀሐይን ተመልከቱ። ትዋይላይት ላይ ቫምፓየር ፀሐይ ሲነካው ያብለጨልጫል እንጂ አይቃጠልም። ያምራል፣ ግን ስጋቱ ጠፋ! ዳያሪስ ላይ ከፀሐይ የሚከላከለውን አስማታዊ ቀለበት ያወለቀ ይነድዳል፤ አንድ ቀለበት ሲሰረቅ ብቻ ልብ የሚያንጠለጥል ትዕይንት ይወጣዋል። ኋላ ላይ ግን ቀለበት የሌለው ቫምፓየር ብርቅ ሆነና ይህም ጉልበቱን አጣ።

የተከታታዩ ትልቁ ስብራት ኤሌናን የምትጫወተው ኒና ዶብሬቭ በ6ኛው ምዕራፍ መጨረሻ መልቀቋ ነው። የሦስትዮሽ ፍቅሩ ምሰሶ ከወጣ በኋላ የቀረው አስማትና አዲስ ጠላት ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ምዕራፎች እዩ፤ 2ኛው ምርጡ ነው።

ሌላው የቫምፓየር ተከታታይ «ትሩ ብለድ»ስ? 7 ምዕራፍ፣ ደፋርና አስቂኝ። ግን እርቃንና ደም የበዛበት ስለሆነ ከቤተሰብ ጋር አትክፈቱት።