ወርከር በታይፕስክሪፕት፦ «ኒው ዩአርኤል» ወይስ የኢምፖርት ቅጥያ?

የሐዋሳውን የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሽያጭ ሰንጠረዥ፣ 50,000 መስመር፣ ብሮውዘር ላይ ሲደመር ገጹ እንዳይደርቅ ሥራው ወደ ወርከር (ከገጹ ጎን ለብቻው ኮድ ወደሚያሠራው የብሮውዘር ክፍል) ይሄዳል። ወርከሩን ለመጥራት ሁለት መንገድ አለ። ሐዋሳ ላይ ደንበኛው የሚከፍተው ብዙ ጊዜ በርካሽ ስልክ ነውና ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የመጀመሪያው «ኒው ዩአርኤል» ነው፤ የወርከሩን ፋይል አድራሻ እዚያው ኮዱ ውስጥ ይሠራል። ዌብፓክ 5ም ቪትም፣ ማለትም ኮዱን ለብሮውዘር የሚጠቀልሉት ባንድለሮች፣ ይረዱታል። ግን ዩአርኤሉ እዚያው በወርከሩ ቅንፍ ውስጥ፣ ፋይሉም በጥቅስ ምልክት ይጻፍ። አስቀድማችሁ ቫሪያብል ውስጥ ካስቀመጣችሁት ባንድለሩ ወርከር መሆኑን አያውቅም፤ በቪት ማሽናችሁ ላይ ይሠራል፣ ቢልድ (ለሕዝብ የሚወጣው ቅጂ) ሲደረግ ግን ጥሬው ታይፕስክሪፕት ይወጣና ይወድቃል።

ሁለተኛው የኢምፖርት ቅጥያው ነው፤ ከፋይሉ ስም ኋላ የጥያቄ ምልክትና «ወርከር» ጨምሮ ኢምፖርት ማድረግ ያጥራል፤ ሆኖም የቪት ነው፣ ባንድለር ስትቀይሩ አብሯችሁ አይሄድም። የቪት ክላየንት ታይፖች (ቅጥያውን ለታይፕስክሪፕት የሚያስተዋውቁት መግለጫዎች) ካልገቡም ታይፕስክሪፕት «ሞጁሉ አልተገኘም» ይላል። ምርጫችን የመጀመሪያው ነው።

በሁለቱም ለወርከሩ የራሱን ቲኤስኮንፊግ (የታይፕስክሪፕት ማስተካከያ ፋይል) ስጡት፤ «ዶም» (የገጹ) እና «ዌብወርከር» (የወርከሩ) የታይፕ ላይብረሪዎች አብረው ከገቡ ይጋጫሉ።