ፒያሳ ካፕቸር የምትገዙ "የታሸገ ላውጣልህ" ሲሏችሁ እሺ እንዳትሉ

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። የድሮ የሰርግ ካሴት በካፕቸር ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ይቺን አንብቡልኝ።

እቤት የእህቴ የሰርግ ካሴት አለ፣ ጥር 1989፣ ባለ 3 ሰዓቱ ትልቁ የቪዲዮ ካሴት። እዛ ውስጥ አባቴ ዳሱ መሃል ቆሞ ሙሽሮቹን ሲመርቅ አለ። አባቴ አርፏል፣ ድምፁ ያለበት ሌላ ነገር የለንም፣ እሱ አንድ ካሴት ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ሙት ዓመቱ ስለሆነ ምርቃቱን ቆርጬ ለእህቶቼ በቴሌግራም ልልክላቸው ነበር ሀሳቤ። አዘዞ ካሉ ዘመዶቻችን ዴክ፣ ማለት የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ፣ ተዋስኩ፣ ሄዱን፣ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል አስጠረግሁ። ዴክ ደግሞ ዛሬ ከተበላሸ ምትክ የለውም፣ መጨረሻ ላይ ይሰራ የነበረው ፉናይ የሚባለው የጃፓን ድርጅት እንኳ በፈረንጆቹ 2016 ማምረት አቁሟል።

የቀረኝ ካፕቸሩ ነበር፣ ያቺ በአንድ በኩል ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ በሌላ በኩል ቢጫ ነጭ ቀይ ጃክ የሚገባባት። ፒያሳ ዙሪያ ያሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ፣ የስልክ ከቨር ሪሲቨር ስፒከር አንድ ላይ የተከመረባቸው፣ ምንም ብትጠይቅ "አለ ግባ" የሚሉህ። ልጁ መጀመሪያ ያቺን ትንሽ ነጭ ሳጥን አወጣልኝ፣ ከጃክ ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረዋን። "ይቺ ቲቪ ላይ ለማየት ናት እንጂ አትቀዳም፣ እኔ የሚቀዳ ነው የምፈልገው" አልኩት። "አቦ አንተማ ባለሙያ ነህ" አለኝ። በቃ ከዚህ በኋላ መጠርጠር ተውኩ፣ የሚያውቅ ሰው አይታለልም ብዬ።

መስታወቱ ላይ ከተቀመጡት አንዷን አንስቶ ላፕቶፑ ላይ ሰካ፣ በዲቪዲ ማጫወቻ ክሊፕ ለቀቀ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድቶ መልሶ አጫወተልኝ፣ ምስሉም ድምፁም ጥርት ያለ ነው። 3,800 ብሎ 3,500 ላይ ተስማማን፣ በስልክ ላክሁለት። ብሩ መግባቱን ስልኩ ላይ አየ፣ ከዛ እኔ እቃዋን ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ሳብ አድርጎ ከፊቴ ወሰዳትና "ተው ወንድሜ ይቺን ብዙ ሰው ነካክቷታል፣ የማሳያ ናት፣ ላንተ ያልተነካ የታሸገ ላውጣልህ" አለኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ገባ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ይዞ ወጣ። እኔ ምን አልኩ? "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ! አሰበልኝ ብዬ! ክፈትና ሞክርልኝ አላልኩ፣ ደረሰኝ አልጠየቅሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ የተሞከረችዋ እቃ እጄ አጠገብ ነበረች።

እቤት ስከፍተው ቀለሙም ቅርጹም ያው ነው። እነዚህ እቃዎች ላያቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ይለያያል፣ ድራይቨራቸውም፣ ኮምፒውተሩ እቃውን እንዲያውቀው የሚጫነው ፕሮግራም፣ እንደዛው፣ በዓይን አይለዩም። አብራ የመጣችውን ትንሽዬ ሲዲ የኔ ላፕቶፕ አይቀበልም፣ ድራይቨር ፍለጋ ግማሽ ሌሊት አለቀ። በመጨረሻ ምስል መጣ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እየተንከባለለ። የኛ ሀገር ካሴት የሚቀዳው ፓል በሚባለው የቪዲዮ ስርዓት ስለሆነ የካፕቸሩን ፕሮግራም ኤንቲኤስሲ ከሚባለው ከነአሜሪካ ስርዓት ወደ ፓል ቀየርኩት፣ ቀለሙ ተስተካከለ፣ ድምፅ ግን የለም። አባቴ ነጭ ጋቢውን ደርቦ እጁን ዘርግቶ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ዴኩን ቲቪ ላይ ስሰካው ድምፁ ይሰማል፣ በካፕቸሩ ሲሆን ዝም። ኬብል ቀየርኩ፣ የጎረቤት ኮምፒውተር ሞከርኩ፣ ያቺኑ ቦታ ወደኋላ እየመለስኩ ደጋግሜ አጫወትኩ፣ ዘጠነኛው ይሁን አስረኛው ላይ ዴኩ ቀጭ አለና ካሴቱን በላው። ክዳኑን ስከፍተው ክሩ ተኮማትሮ ተጠምጥሟል፣ አንድ ቦታ ተበጥሷል። ምርቃቱ ላይ።

ዛሬ ጠዋት ካፕቸሩን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ እንደማያውቀኝ ሆነ። "ይሄ የኛ እቃ ለመሆኑ ደረሰኝ አለህ?" አለኝ፣ ብር የላክሁበትን ሳሳየው "ለምን እንደላክህ አይልማ" አለኝ። ማሳያዋ እዛው መስታወቱ ላይ ተቀምጣለች! እሷን ስጠኝና ልሂድ ስለው "እሷ አትሸጥም"። እሺ ጭማሪ ልክፈል አልኩት፣ ለመንኩት፣ "አትሸጥም አልኩህ እኮ"። ስለ ካሴቱ ስነግረው ደግሞ አጠገቡ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "በዚህ ዘመን ካሴት ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው በቃ" አለኝ። ሌላ ደንበኛ ብቅ ሲል "አለ ግባ" ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

እና ስትገዙ የተሞከረችዋን ራሷን ውሰዱ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት፣ ደረሰኝም ያዙ። እቤት ስትሞክሩ ደግሞ በማያሳሳችሁ ካሴት ሞክሩ፣ ውዱን ካሴት ሁሉ ነገር ከሰራ በኋላ አንዴ ብቻ አስገቡት።

ክሩን ሳልነካው በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። የተበጠሰ የቪዲዮ ካሴት ክር የሚቀጥል ሰው ጎንደርም ይሁን ባህር ዳር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ሰኔ እየደረሰ ነው።