ፎርማት ይሻላል ወይስ ሃርድ ዲስኩን መቀየር?

አሮጌ ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር ኤረር እያሳየ ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚላችሁ "ፎርማት አድርገው" ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሰርዘህ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫን ማለታቸው ነው። ችግሩ ቫይረስ ከሆነ፣ ወይም መብራት ድንገት ጠፍቶ የዊንዶውስ ፋይል ከተበላሸ ልክ ናቸው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ግን ፎርማት ለጊዜው ያስታግሰዋል እንጂ ኤረሩ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

በምን ትለያላችሁ? ጆሮ ስጡት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ወይም ዊንዶውስ ሳይነሳ ገና ጥቁሩ ስክሪን ላይ "ስማርት" (SMART) የሚል፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ከወጣ፣ ፎርማቱን ተዉትና ፎቶና ሰነዳችሁን ቶሎ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ከዚያ በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ ኤስኤስዲ (SSD) የሚባል ዲስክ ግዙ። ዋጋው ከፎርማት ይበልጣል፣ ግን ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ያ ቀርፋፋ የነበረው ማሽን ቶሎ ይነሳል። ብር ካለ እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

ሰዓቱና ቀኑ ሁሌ ወደ ኋላ እየተመለሰ "ኤፍ1 ተጫኑ" የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አያስፈልጉም። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለውን፣ ቀይሩ።